ጀርባዬን የሰጠኋት ውሻ

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ፎጣ፣ ፎጣ፣ አሁንም ፎጣ። እዚህ ሆላንድ፣ የዴን ሃግ ሰው ፎጣው ሲያረጅበት አይጥልም መሰለኝ፤ ሁሉንም ወደኛ ነው የሚልከው። ዛሬ አንዱ ላይ የሆቴል ስም ተጠልፎበት አገኘሁ። ከሆቴል ሰርቆ ለውሻ መመጽወት... ጽድቁ ለማን ይጻፍ ይሆን?

አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጣጥፌ፣ የውሾቹን ሳህን በፈላ ውሃ አዙሬ ጨረስኩ። ወገቤ ዛሬ ደህና ነው። ሮተርዳም መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያነሳ ሲያወርድ የቀረ ወገብ ነው፤ ፎጣ አይከብደውም። ገሜንቴ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤት፣ ያለችው ልጅ ለሥራ ስትልከኝ "እንስሳ ትወዳለህ?" አለችኝ። "ድመት እወዳለሁ" አልኳት። "በጣም ጥሩ!" ብላ የከተማው የእንስሳት መጠለያ፣ ውሻ ክፍል መደበችኝ። እንግዲህ ሥራ ነው።

ኤሊ የውሻ ክፍሉ ኃላፊ ናት። ስሟ ኤሊ፣ እርምጃዋ የጥንቸል። የመጀመሪያ ቀን በግልጽ ነገርኳት። ውሻ አልነካም፣ ሃይማኖቴ ነው፣ ደግሞም እፈራለሁ። (ሁለተኛው ይበልጣል፤ እሱን ግን ቀስ ብዬ ነው ያልኩት።) አልተከራከረችኝም። "ልብስ ማጠቢያው ሰው ይፈልጋል" አለች፣ አለቀ። መስገጃዬን ደግሞ የውሻ ፀጉር እንዳይነካብኝ ብላ ክዳን ባለው ሣጥን ከትታ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ አልጠየቅኳትም።

ቤት ስገባ የሚስቴ፣ የሱዓድ ኬላ አለ። ከበሩ አጠገብ ባልዲ ውሃ፣ የሥራ ልብስ ማስቀመጫ ከረጢት፣ አሮጌ የአበባ ማሰሮ ሙሉ አፈር። ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። ደሴ፣ አባቴ ቤትም እንዲሁ ነበር። ውሻው ከደጅ፣ እኛ ከቤት። ማንም አይመታውም፣ ማንም አይነካውም። "ምንም አልነካኝም እኮ" ስላት "ግድ የለም፣ ይቀመጥ" ትላለች ሚስቴ። ልጃችን ሃፍሳ ትስቃለች። "ፓፓ፣ ሳሙና አለ ቶኽ፣ አይደል እንዴ! አንተ ለምን አፈር?" እናቷ፦ "አንቺ ዝም በይ።"

አንድ ማሰሮ አፈር ለዕድሜህ ይበቃሃል ብላኛለች ሱዓድ። እንደማልነካ ታውቃለቻ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

የእንስሳት አምቡላንስ አንዲት ውሻ አመጣ። ትራንስቫል ሰፈር፣ ሃግሰ ማርክት ገበያ፣ ጠዋት ዓሣ ሻጮቹ ዕቃ ሲዘረጉ ጠረጴዛ ሥር ተገኘች። ቡናማ፣ ከሲታ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ። የማንበቢያ መሣሪያ አንገቷ ላይ አሳለፉ፤ የባለቤቷን ስም የሚናገር ቺፕ የላትም። የማን ናት? ከየት መጣች? ባለቤት ይመጣ እንደሆነ ሁለት ሳምንት ትጠበቃለች። ለጊዜው በሽታ እንዳይኖርባት ተብሎ ለብቻዋ ናት።

ብርድ ልብስ ይዤ ስሄድ በመስኮቱ አየኋት። ጥግ ላይ ተለጥፋ ግድግዳው ውስጥ ልትገባ ትመስላለች። እኔ እሷን ፈራሁ፣ እሷ እኔን። ተያየንና ሁለታችንም ዓይናችንን ሰበርን።

ኤሊ "ስም ያስፈልጋታል፤ ተራው ያንተ ነው" አለችኝ። ግንባሯን አስቤ "ሻሼ" አልኩ። ነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት ትመስላለች። ኤሊ ደጋግማ አለችው፣ ወደደችው። ከኔ ስም ይቀላታል። ዘይኑልአቢዲን ብላ እስክትጨርስ ምሳ ሰዓት ስለሚያልፍባት "ዘይን" ብላኝ ቀርታለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ሻሼ አልበላችም። ጁምዓ ሰግጄ ተመልሼ ጠየቅኩ፤ አሁንም አልበላችም። እኔን ምን አገባኝ?

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ሻሼ ወደ ዋናው ክፍል ተዛወረች። በሯ ላይ ቀይ ካርድ። እዚህ አረንጓዴ ማለት ማንም ያንሸራሽራታል፣ ብርቱካን ማለት ልምድ ያለው ብቻ፣ ቀይ ማለት... እጅህን ሰብስብ።

ያላደረጉላት የለም። ምግቧን ካርቶን ውስጥ ደበቁላት፣ ፈልጋ እንድታገኝ። በአሮጌ ፎጣ ጠቀለሉላት። (የኔ ፎጣ! ዓርብ ያጣጠፍኩት!) የጎማ ኳስ ውስጥ ጉበት ሞልተው አቀዝቅዘው ሰጧት። ለስላሳ ሙዚቃ ከፈቱላት። የጠባይ ባለሙያ ቀጠሮ ያዙላት። እኔ ለወገቤ ሐኪም ለማየት ስንት ወር ጠበቅኩ? ምነው ውሻ ሆኜ በመጣሁ አልኩ... አስተግፊሩላህ።

ኤሊ አይብ ይዛ ገባች፤ ሻሼ ጥርሷን አሳየቻት። ስትወጣ ፊቷ ጥሩ አልነበረም። "የማትበላ፣ ሰው የማታስጠጋ ውሻ በሽቦ ውስጥ ዓመት ሙሉ ማኖር ደግነት አይደለም" አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ገብቶኛል፤ በመርፌ መግደል ነው።

ከምሳ በኋላ የጸጥታ ሰዓት አለ። መብራት ይቀነሳል፣ ጎብኚ አይገባም፣ ውሾቹ ያርፋሉ። የማድረቂያው ክፍል ሙቀት አላስቀምጥ ቢለኝ ፎጣዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ፤ ሣጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ቀና ስል የሻሼ በር! መነሳት አፈርኩ፣ ማየት ፈራሁ። ጀርባዬን ሰጠኋት። ከሰጠኋት በኋላ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። ፍርሃቴን ለመሸፈን መንዙማ ማንጎራጎር ጀመርኩ፤ አባቴ ሐድራ ላይ እንደሚለው፣ በቀስታ።

ቀርጨም። ቀርጨም፣ ቀርጨም...

እየበላች ነው! አልዞርኩም። ጀግንነት አይደለም፣ አንገቴ እምቢ ብሎኝ ነው። ኤሊ ከኮሪደሩ ጫፍ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ እንዳትንቀሳቀስ ማለቷ ነው። ፎጣውን አጣጥፌ ጨረስኩ። በትኜ እንደገና አጣጠፍኩ።

በኋላ፦ "ምን አደረግክ?"

"ምንም። ፈርቼ ነው።"

ሳቀች። ለበጎ ፈቃደኞች ኮርስ የምንሰጠው ይሄንኑ ነው አለች። አትዩት፣ አታናግሩት፣ እጅ አትዘርጉ፣ ጎን ወይ ጀርባ ስጡት። ሰው ግን አያስችለውም፤ እንስሳ ሲያይ እጁን ይበላዋል። "እጁን የማይበላው ሰው ያየሁት አንተን ነው።" ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። በፍርሃቴ የተመሰገንኩት ገና ዛሬ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ሥራ ተጨመረልኝ። በየቀኑ በጸጥታ ሰዓት ሻሼ በር ላይ ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ። ይሄ ሥራ ይባላል? ለሱዓድ ምን ብዬ ልንገራት? አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

ዛሬ ከውስጥ። ኤሊ በሩ ላይ ቆማ፣ እኔ ቢስሚላህ ብዬ ሣጥኔ ላይ። መንዙማውን ረሳሁት፤ የአንዱን ግማሽ ከሌላው ጋር ቀላቀልኩት። ሻሼ ስህተቴን አላወቀችብኝም።

ከኋላዬ ጥፍሯ ሲሚንቶው ላይ... ጠቅ፣ ጠቅ... ቆም። እንደገና ጠቅ። ከዚያ ትንፋሽ፣ ጃኬቴ ላይ። አሸተተችኝ! ደግነቱ ጨርቄን ብቻ ነው። ደረቅ ነገር ደረቅ ነገር ቢነካ ጣጣ የለውም ብለው ነው ያስተማሩን። ግን አፍንጫዋ ደረቅ ነበር? ዞሬ አላየሁ፣ ምኑን አውቄ...

ቤት ገብቼ ጃኬቴን ሰባት ጊዜ አጠብኩት። ሱዓድ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ምን ነካህ?"

"ለጥንቃቄ ነው።"

ከአፈሩ አንድ እፍኝ ጎደለ። ሱዓድ ማሰሮውን አየች፣ እኔን አየች፣ ወጥ ቤት ገባች።

ሰኞ፣ ግንቦት 17

እትዬ አበባይሽ ደረጃው ሥር ያዙኝ። ከኛ ሥር፣ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው።

"አንተ ዘይኑ፣ ውሻዋ በላች ወይ?" ለሳቸው ነግሬያቸዋለሁ። ለሱዓድ ያልተነገረ ነገር ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚቀመጠው።

"ትበላለች እትዬ፣ ካላየኋት።"

"ባሌም እንደዚያው ነበር። ስበላ አትይኝ ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።"

ሳቅን። ከዚያ ገብተው ብርድ ልብስ ይዘው ወጡ፤ የሟቹ ነው። "ለውሾቹ ውሰድላቸው። እዚህ ማን ይለብሰዋል? ቤቱ ጭር ብሏል። ሱዓድ ማታ ማታ ባትወርድልኝ ድምፄንም እረሳው ነበር።"

እውነታቸውን ነው። እራት እንደበላን ሱዓድ ትወርዳለች። ሻይ ይጠጣሉ፣ አብረው ቴሌቪዥኑን ይሰድባሉ። እኔ አልጠራም።

ብርድ ልብሱን አጥቤ ለሻሼ አነጠፍኩላት። ዞሬ ሳላይ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19

ዒድ። ጠዋት ሰግደን፣ እንኳን አደረሳችሁ ተባብለን፣ ሃፍሳ ሳትቀር ቀሚስ ለብሳ... ሱዓድ የበጉን ቅልጥም በወጥ ሠርታ ቤቱን በመዓዛ አሰከረችው። ለእትዬ አበባይሽ እንደ ወትሮው ሥጋ ያልነካው ድስት ለብቻ ተጣደ። እሳቸውም በፋሲካ ለኛ እንደዚሁ ናቸው።

ሁለት ሳምንቱ ዛሬ አለቀ። ለሻሼ ማንም አልመጣም። ከዛሬ ጀምሮ የገሜንቴ ልጅ ናት፣ እንደኔው።

ማታ አንዱን ቅልጥም በፎይል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። "ለማነው?" አለች ሱዓድ። "ለሥራ።" ውሸት አይደለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ደሴ በዒድ ማግስት አጥንት ያልደረሰው ውሻ አልነበረም። በዓል ለሁሉም ነው። ኤሊ ምሳዋን ስትበላ በሽቦው ሥር አሳለፍኩላት፣ ከነቁሌቱ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሰማኋት። አቤት አበላል! ዒድ ሙባረክ፣ ሻሼ።

ዓርብ፣ ግንቦት 21

ሻሼ ደም አስመለሰች።

ወዲያው ለኤሊ ነገርኳት። "የበሰለ አጥንት?" ብላ ፊቷ ነጣ። የበሰለ አጥንት እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይወጋል። ሽንኩርትም ለውሻ መርዝ ነው። እንዴት አላወቅኩም? በኛ ሰፈር ያ ሁሉ ውሻ አጥንት እየበላ አይደል ያደገው? ከሞተስ ማን ጠይቆ ያውቃል...

በመኪና ወደ ክሊኒክ ወሰዷት። ኤሊ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጁምዓ ላይ ዱዓ ሳደርግ ምላሴ ላይ የመጣችው እሷ ናት። ለውሻ ዱዓ ይደረጋል? ያ ረቢ፣ የፈጠርካት አንተ ነህ፣ ያሳመምኳት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

ለሱዓድ ሁሉን ነገርኳት። መቀመጡን፣ ጃኬቱን፣ ቅልጥሙን። ውሻ ቤት ገብተህ ተቀመጥክ ብላ ታብዳለች ብዬ ነበር። እሱን አልፋው ሄደች።

"የኔ ወጥ ነው?"

"አጥንቱ ነው።"

"የኔ ወጥ ነው ወይ አልኩህ?"

"...አዎ።"

ተቀመጠች። ስንቱን ሰው አብልታለች፣ ስንት ሠርግ ደግሳለች። ከእጇ በልቶ የታመመ ሰው የለም። "በዒድ ቀን... ነፍስ ያለው ነገር..." ብላ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። ሃፍሳ አቀፈቻት። "ማማ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ኤኽት ኒት፣ በጭራሽ!" ጥፋቱ የኔ ነው ማለቷ ነው። ልክ ናት።

ኤሊ አልደወለችም።

ሰኞ፣ ግንቦት 24

ተመለሰች! አልሐምዱሊላህ። ስባሪው በራሱ ወጣ፣ ቢላዋ አላስፈለጋትም። ግን ስንት እጅ ነካካት፣ ስንት መርፌ ወጋት... ጀርባዬን ሰጥቼ ብቀመጥ ከጥግዋ ንቅንቅ አላለችም። መንዙማውም አልረዳኝም። ያው እንደ መጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ይቅርታ አልኳት፣ በአማርኛ፣ ለግድግዳው።

ኤሊ፦ "ከእንግዲህ ምግብ የሚባል ነገር ከእጅህ እንዳይወጣ። መቀመጡን ግን አታቋርጥ።" የጠባይ ፈተናዋ በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ሰው ገመድ እንዲያስርላት ከፈቀደች ቤት ይፈለግላታል። ካልፈቀደች... "ያኔ ከሐኪሙ ጋር እንነጋገራለን" አለች። ይሄን ስትል ወደኔ አላየችም።

ሐኪሙ ለጥቂት ቀን ሩዝና የተቀቀለ ዶሮ ብቻ አዟል። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ምንም። ይሄንኑ ለሱዓድ ነገርኳት፣ ዝም ብዬ ለወሬ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 25

ጠዋት ስወጣ ሱዓድ ክዳን ያለው ሳህን እጄ ላይ አስቀመጠች። ሩዝና ዶሮ። ቀምሳው ፊቷን አጨማደደች።

"ያለ ሽንኩርት! ይሄ ምግብ ነው? ውሻስ ብትሆን ምን በደለች?"

ኤሊ ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ ሐኪሙ ጋ ደወለች፣ ሩዙን በጣቷ በትና አጥንት ፈለገች። ከዚያ ራሷ ሰጠቻት። ሻሼ ሳህኑ እስኪያብለጨልጭ ላሰችው።

ለሱዓድ ደወልኩላት።

"በላች?"

"ጨረሰች።"

"ነገም እሠራለሁ። ለውሻዋ ብዬ እንዳይመስልህ። ለስሜ ነው።"

ዓርብ፣ ግንቦት 28

ዛሬ ጀርባዬ ላይ ተደገፈች።

ዶሮ ዶሮ ሸትቼ ይሆናል። ይሁን። መጀመሪያ አፍንጫዋ፣ ከዚያ ግንባሯ፣ ከዚያ ክብደቷን ሁሉ ለቀቀችው። ወገቤ ላይ፤ ያው የሚያመኝ ቦታ። ስንት ማሞቂያ ፓድ፣ ስንት ቅባት ተሞክሮ ያልሞቀ ወገብ... ሞቀ። ፎጣ ይዤ ቀረሁ፣ ማጠፍ አልቻልኩም። እንባዬ መጣ። ለምን አልቅስ? ምኔ ናት? ወላሂ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነው።

በሩ ጋ ኤሊም አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ጉንፋን ነው አለች።

ቤት፣ ባልዲ፣ ጃኬት፣ አፈር። ማሰሮው ግማሽ ሊሆን ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

የፈተናው ቀን።

ባለሙያዋ ከአምስተርዳም መጣች። ረጅም፣ ኪሷ ሙሉ አይብ፣ ጥሩ ሰው ትመስላለች። ሻሼ ግን ጥርሷን አሳየቻት። ትንሽ ቆይታ ሞከረች፤ አሁንም ጥርስ። ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ምን ጻፈች? ኤሊ "እስቲ እሱ ይሞክር፣ በራሱ መንገድ" አለቻት።

ገባሁ። ሣጥኔን ገለበጥኩ። ጀርባዬን ሰጠሁ። ገመዱን ቀለበት ሠርቼ በትከሻዬ ወደ ኋላ ለቀቅኩት። መንዙማ። ሁለቱ ሴቶች ከሽቦው ውጭ ቆመዋል።

ጠቅ፣ ጠቅ... ቆመች። ብዙ ቆመች። ያ ረቢ፣ በኔ አጥንት የተጀመረውን በኔ አትጨርሰው።

ገመዱ ሳብ አለ። ጭንቅላቷን ራሷ አስገባች። እኔ አላሰርኳትም፣ እሷ ናት የገባችው። ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ወደ ሜዳው ወጣን፣ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ሳሩ ላይ ስንቆም መጣችና እጄን ላሰችው። እርጥብ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ምንም ጥርጥር የለውም።

እጄን አልሳብኩም። ዞሬ አየኋት። ዓይኗ የማር ቀለም ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አብረን ተቀምጠን ዛሬ ነው ያየሁት።

አለፈች። ባለሙያዋ የጻፈችው፦ ጸጥ ያለ ቤት፣ ትንንሽ ልጆች የሌሉበት፣ ደረጃ የሌለው፣ የምታውቀው ሰው በቅርብ ቢኖር ይመረጣል። ኤሊ ቀዩን ካርድ አንስታ ብርቱካኑን ለኔ ሰጠችኝ። እኔ ለጠፍኩት።

ቤት ስገባ ሱዓድ ባልዲው አጠገብ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር።

"ላሰችህ?"

"ላሰችኝ" አልኩ፣ እጄን ባልዲው ውስጥ እየነከርኩ።

"አለፈች?"

"አለፈች።"

"አልሐምዱሊላህ። ...አምስት። አምስተኛው ነው፣ አትዝለል።"

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

ጸጥ ያለ ቤት፣ ደረጃ የሌለው፣ የምታውቀው ሰው በቅርብ... ሁለት ቀን ሙሉ አእምሮዬ ወደ አንድ በር ብቻ ነው የሚሄደው። ዛሬ አንኳኳሁት።

"እኔን?" አሉ እትዬ አበባይሽ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "በማርያም፣ እኔማ ደስ ባለኝ። የሚተነፍስ ነገር በቤቴ..." ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሱዓድስ? ደጃችን አንድ ነው። ሱዓድ እግሯን ካነሳችብኝ ውሻው ምን ይሠራልኛል? እሷ እሺ ካለች ነገውኑ አምጣት። እምቢ ካለች ግን ቅር አይበልህ፣ ልጄ።"

"እርስዎ ቢጠይቁልኝስ?"

"ሚስትህ ናት፣ አንተው ጠይቃት!"

ጠየቅኩ። ሱዓድ አልተቆጣችም። ብትቆጣ መልስ ነበረኝ።

"ቀሚሴ መሬት ይነካል። በዚያ ደጅ ስንቴ እወጣለሁ፣ ስንቴ እወርዳለሁ? አምስት ወቅት እሰግዳለሁ፣ ዘይኑ። ሩዝ መሥራት ሌላ፣ አብሮ መኖር ሌላ።" ቆይታ ደግሞ፦ "እምቢ ብል እትዬን አስከፋለሁ። እሺ ብል ሶላቴን እጨነቅበታለሁ። ምነው እኔ ላይ ጣላችሁት?"

እውነቷን ነው። ዛሬ ማታ ሻይ ልትጠጣ አልወረደችም።

ዓርብ፣ ሰኔ 5

ኤሊ ሰፈራችን፣ ስኪልደርስዋይክ መጥታ የእትዬን ቤት አየች። ጓሮውን አየች፣ አጥሩን ነቀነቀች፣ ወደደችው። ግን ቁርጡን ነገረችኝ። በጋው መጣ፤ ሰው ለእረፍት ሲሄድ ውሻውን ጥሎ ነው የሚሄደው፣ ክፍሎቹ እየሞሉ ነው። እስከ ሰኞ መልስ ከሌለ ሻሼ ወደ ሰሜን፣ አስቸጋሪ ውሾች ወደሚቀመጡበት ቦታ ትሄዳለች። በባቡር ደርሶ መልስ ብቻ ግማሽ ቀን ነው።

እዚያ ማን ጀርባውን ይሰጣታል?

ለሱዓድ ኤሊ እስከ ሰኞ ማለቷን ነገርኳት እንጂ አልጎተጎትኳትም። በሶላቷ መሐል አልገባም። ዛሬም አልወረደችም። ከታች የእትዬ ቴሌቪዥን ለብቻው ይሰማል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 6

ሮተርዳም ዋልኩ። መህዲን ልጠይቅ፤ የመጋዘን ባልደረባዬ፣ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ተኝቷል። እሱ ጉልበቱን ያወራኛል፣ እኔ ሻሼን። "ስለ ውሻ እንዲህ ስታወራ ደሴ ቢሰሙህ..." አለኝ። ይስሙኝ።

ስመለስ ፀሐይ ገና ደጃችን ላይ ነበረች። ደረጃውን ስወጣ በራችን ገርበብ ብሏል። ሱዓድ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላለች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ እጇን በአፈር ታሻለች።

"ሱዓድ?"

"አታናግረኝ፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል!"

በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሃፍሳ ከሳሎን ሆና በሳቅ ልትሞት ነው። እሷ ናት የነገረችኝ። ሦስቱም በትራም ሄደዋል፤ እናቷ፣ እሷና እትዬ አበባይሽ። "ማማ 'ማየት ምን አለው' አለች። ከዚያ ሩዝ ይዛ... ፓፓ፣ አንተ አታምንም! ኤሊ ያንተን ሣጥን አመጣችላት። ማማ ተቀመጠች። ጀርባዋን ሰጠቻት! ቀሚሷን እንዲህ ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ እያለች..."

"እና?"

"እና ሻሼ መጣችና እጇን ላሰቻት! ማማ ጮኸች። ሻሼ ግን አልሸሸችም፣ እውነት ሆር! እትዬ አለቀሰች።"

"አለቀሱ በይ" አለች ሱዓድ ከባልዲው። "...አራት። እኔ አልነካኋትም፣ እሷ ናት የነካችኝ። አምስት።"

ቆሜ ጠበቅኳት። ስድስት። ሰባት። እጇን በፎጣ አደረቀች፣ ጣት በጣት፣ ሳትቸኩል።

"ታዲያ... ሰኞ?" አልኩ።

ማሰሮውን አንስታ ወደ ውስጥ አየች፣ ጠርዙን መታ መታ አደረገችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ሻርፗን አስተካክላ ወደ ደረጃው ሄደች። ከታች የሻይ ብርጭቆ ሲንኳኳ ይሰማል።

"ሰኞ እሷን ይዘህ ስትመጣ" አለች፣ ደረጃውን እየወረደች፣ ሳትዞር፣ "አፈር ጨምረህ አምጣ። ትልቁን ከረጢት። ይሄማ ለሁላችንም አይበቃም።"